ድመት ውሃዋን የምትበላ እንስሳ ናት

ድመቴ ዳልቺት ውሃ መጠጣት ያበዛችው መጋቢት ላይ ነው። ያኔ 11 ዓመት ሆኗት ነበር። በፊት የውሃ ሳህኗን ሞልቼ ሁለት ቀን ብቆይ እንኳ ብዙም አይጎድልም። በዚያ ሰሞን ግን ማታ የሞላሁት ጠዋት ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። ደስ አለኝ። «ሙቀቱ ነው፤ ጎሽ የኔ ልጅ፣ ጠጪ» እላታለሁ። ጎረቤቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ ስታያት «ውሃ የሚጠጣ ጤነኛ ነው» አለችኝ። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት እንደ ልማዷ አልጋዬ ላይ ወጥታ አልቀሰቀሰችኝም። ስፈልጋት ማዕድ ቤት ናት። ሳህኗ ፊት ኩርምት ብላ፣ አፍንጫዋን ወደ ውሃው አስጠግታ ተቀምጣለች። አትጠጣም። ዝም ብላ ታየዋለች። ጠጉሯ ተንጨባሯል። ቀኑን ሙሉ ስትልሰው የምትውለው ጠጉር አቧራ ላይ የተንከባለለ መስሏል። ትከሻዋ መሀል ያለውን ቆዳ በሁለት ጣቴ ሳብ አድርጌ ለቀቅኩት። እንደ ታጠፈ ጨርቅ ቆሞ ቀረ። ቆጠርኩ። እስኪመለስ ሦስት ሰከንድ አለፈ።

ክሊኒክ ስንደርስ ዶክተሯ መጀመሪያ ከንፈሯን ገልጣ ድዷን ነካች። «ጣቴን ያዝ አደረገኝ፤ ደርቋል» አለች። ቀጥላ «ውሃ ማብዛት የጀመረችው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መጠጣት ያቆመችበትን ቀን ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። የደም ምርመራው ሲመጣ ነገሩ ገባኝ። ኩላሊቷ ተዳክሟል፤ ውሃ መያዝ አቅቶታል። የጠጣችው ሁሉ ቀጥኖ በሽንት ይወጣል። ያ ሁሉ መጠጣት የሚፈሰውን ለመተካት ነበር። መተካት ሲያቅታት ነው እዚያ ሳህን ፊት ያገኘኋት።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ጠዋት ነው። በየከተማው፣ በተለይ በኮንዶሚኒየምና በአፓርታማ፣ ድመት የሚያሳድገው ሰው በዝቷል። የድመት ምግብ ትልልቅ ሱፐርማርኬት ገብቶ የራሱን መደርደሪያ ይዟል። ስለ ውሃዋ ግን የምናስበው ስለ ራሳችን እንደምናስበው ነው። ሳህን ሞልተን እናስቀምጣለን፤ ሲጠማት ትጠጣለች እንላለን። ለውሻ ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለድመት አይበቃም።

ለምን እንደማይበቃ ለመረዳት ከየት እንደመጣች ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናት የቤት ድመቶች ሁሉ ላይቢካ ከሚባለው የዱር ድመት እንደመጡ አሳይቷል። ይህ የዱር ድመት በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ደረቅ ቦታዎች ይኖራል፤ እኛም አገር አለ። ሁልጊዜ ወንዝ አጠገብ የመኖር ዕድል የለውም። አብዛኛውን ውሃ የሚያገኘው ከሚያድነው ነው። አይጥ ከሰውነቷ 70 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። አይጧን በላ ማለት ምግቡንም ውሃውንም አገኘ ማለት ነው። ኩላሊቱ ደግሞ ያችን ውሃ እንዳታመልጥ ጨምቆ ይይዛል፤ ሽንቱ በጣም ወፍራም ነው። የድመት ሽንት ሽታው ያን ያህል የሚከረፋው አንዱም ለዚህ ነው።

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባላል። ሶፋ ላይ ተኝታም ኩላሊቷ ያለው በረሃ ነው።

ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ግን ዋጋ አለው። ብዙ ውሃ የማያስፈልገው ፍጥረት ጥማቱም ይዘገያል። ውሻ ትንሽ ፈሳሽ ሲጎድለው ሮጦ ይጠጣል። ድመት ግን ትታገሳለች። አጠጣጧም ቢሆን ለብዙ ውሃ የተሠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ድመት ስትጠጣ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ነበር። ሥራው የተጀመረው አንዱ ተመራማሪ ቤቱ ያለችውን ድመት ሲያይ ቆይቶ ነው። ድመት ውሃውን በምላሷ አትጠልቅም። የምላሷን ጫፍ ውሃው ላይ ነካ አድርጋ በፍጥነት ወደ ላይ ትስበዋለች። ቀጭን የውሃ ዘንግ ተከትሎ ይነሳል፤ ተመልሶ ከመውደቁ በፊት አፏን ገጠም ታደርጋለች። ይህን በሰከንድ አራት ጊዜ ያህል ታደርጋለች። በአንዱ የምታገኘው ግን ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አስረኛ እምብዛም አይበልጥም። ቀስ ብላችሁ ተቀምጣችሁ እዩዋት፤ በጣም ደስ ይላል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ድመት በቀን በኪሎ ከ40 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ያስፈልጋታል። አራት ኪሎ የምትመዝን ከሆነች ወደ 200 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሦስት ስኒ ቡና ያህል። በዚህ ውስጥ ከምግቧ የምታገኘውም ይቆጠራል። ጣሳ ወይም ፓኬት ውስጥ የሚመጣው እርጥብ ምግብ ከሦስት አራተኛ በላይ ውሃ ነው። 250 ግራም ከበላች ውሃዋን ከሞላ ጎደል አግኝታለች። ሳህኑን ባትነካው አይግረማችሁ። ደረቁ ምግብ ግን ውሃው 10 በመቶ ቢሆን ነው። 60 ግራም ብትበላ የምታገኘው 6 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ከትንሽ ጭማሪ ጋር። ቀሪውን በሙሉ በምላሷ ጫፍ መልቀም አለባት። ከሺህ ጊዜ በላይ መላስ ማለት ነው። ደረቅ የምትበላ ድመት አብዝታ መጠጣቷ እውነት ነው። ግን ብዙዎቹ የጎደለውን ሙሉ በሙሉ አይሞሉትም።

የእናቴን ቤት ድመት አስታውሳለሁ። ግቢው ውስጥ ተወልዳ፣ ጎተራ ሥር አይጥ እየያዘች፣ ዝናብ ያቆረውን እየላሰች ኖረች። ማንም ውሃ አስቀምጦላት አያውቅም። የኔዋ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። አይጥ አይታ አታውቅም። በር ከተዘጋ ተዘጋ ነው። የምትበላውም የምትጠጣውም እኔ ያስቀመጥኩትን ብቻ ነው። ዘመኑ ያመጣው ለውጥ ይኸው ነው፤ ድመቷ ያው ናት፣ አይጧ ግን ጠፋች። በአይጧ ፋንታ ደረቅ ብስኩት ሰጠናት፤ ከአይጧ ጋር የሄደውን ውሃ ግን ማንም አልተካላትም።

ደረቅ ምግብ መርዝ ነው እያልኩ አይደለም። በደረቅ ምግብ ብቻ ረጅም ዕድሜ የኖሩ ድመቶች ሞልተዋል፤ ለኩላሊት በሽታ መንስኤው እሱ ነው የሚያሰኝ ማስረጃም የለም። ዋጋውም ለብዙ ሰው የሚቀለው እሱ ነው። የምለው ይህን ነው፦ ደረቅ የሚመግብ ሰው የውሃውን ነገር በራሱ እጅ ይዞታል፤ ለድመቷ ሊተወው አይችልም።

ድርቀት ስንል ብዙዎቻችን የሆድ ድርቀትን ነው የምናስበው። እዚህ የማወራው ስለ ሰውነት ፈሳሽ ማነስ ነው። ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ፈሳሽ ያነሳት ድመት ሆዷም ይደርቃል። የምትጸዳዳበት አሸዋ ውስጥ ትንንሽ፣ ደረቅ፣ እንደ ፍየል በጠጥ ያለ ነገር ካያችሁ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል።

ስለ ምልክቶቹ ሳስብ ትዝ የሚለኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥራ ነው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሲመጣ የሚያዩት ነገር አለ። ዓይኑ ጎድጉዷል ወይ? የሆዱ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ ይመለሳል ወይስ ይቆያል? ብዙ የአገራችን እናት ይህን ታውቃለች። የድመቷም ምርመራ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ቆዳውን የምትስቡት ትከሻዋ መሀል ነው። ጤነኛ ከሆነች ስትለቁት ወዲያው ይመለሳል። ከዘገየ ፈሳሽ ጎድሏታል፤ ጨርሶ ቆሞ ከቀረ ብዙ ጎድሏታል።

ግን በቆዳው ብቻ አትፍረዱ። ያረጀች ወይም የከሳች ድመት ቆዳዋ ላልቷል፤ ፈሳሽ ሳይጎድላትም ይዘገያል። የወፈረች ድመት ደግሞ ተቃራኒዋ ናት፤ ከቆዳዋ ሥር ያለው ስብ ቶሎ ይመልሰዋል፣ እውነቱን ይደብቅባችኋል። ስለዚህ ድዷን ንኩ። ከንፈሯን በአውራ ጣት ወደ ላይ ገለጥ አድርጉና ከጥርሷ በላይ ያለውን ድድ ንኩት። የሚያንሸራትት ርጥበት ሊኖረው ይገባል። ሙጫ የነካ ያህል ጣታችሁን ከያዘ ደርቋል። እዚያው ላይ ድዱን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ነጣ ይልና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሮዝ ቀለሙ ይመለሳል። ከዚያ ከቆየ ደሟ በደንብ እየተዘዋወረ አይደለምና ወደ ሐኪም ሩጡ። ይህን ሁሉ ደህና በሆነች ቀን ሞክሩት። የጤናዋን መልክ ያላወቀ ሰው የሕመሟን አይለይም።

አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ከሰውነቷ ክብደት አምስት በመቶ የማይሞላ ፈሳሽ ሲጎድል በዓይንም በእጅም አይታወቅም። ለአራት ኪሎ ድመት አምስት በመቶ 200 ሚሊ ሊትር ነው። ቆዳው መዘግየት ሲጀምር ከዚያ አልፏል ማለት ነው። ዓይኗ ሲጎደጉድ ወደ 10 በመቶ ተጠግቷል፤ ከ12 በመቶ ካለፈ ነፍሷ ታሰጋለች። የግልገሏን ሒሳብ ደግሞ አስቡት። ግማሽ ኪሎ የምትመዝን ግልገል 10 በመቶ ማለት 50 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ስኒ እንኳ አይሞላም። ያንን በአንድ ሌሊት ተቅማጥና ትውከት ታጣዋለች። ስለዚህ ግልገል ሲያስቀምጣት «ነገ እናያለን» የሚባል ነገር የለም። ክትባት ላላገኙ ግልገሎች ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው ቫይረስ የሚገድላቸው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው፤ አንጀታቸውን አቁስሎ ውሃቸውን አሟጥጦ።

ፈሳሽ የሚያሳጣው ብዙ ነው። ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ የአፍ ቁስል። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ድዷ የቆሰለ ድመት ወደ ሳህኑ ትመጣለች፣ ታሸታለች፣ ትመለሳለች። መብላትም መጠጣትም ትፈልጋለች፤ ያማታል። አፏ ከሸተተ፣ ምራቋ ከተዝረበረበ ከዚያ ጠርጥሩ።

ከኛ ቤት የሚመጣ አንድ ምክንያት ግን ረዘም አድርጌ ልናገር። ወተት። ድመትና ወተት ማን ይለያቸዋል? ከልጅነታችን ተረት ጀምሮ አብረው ናቸው። ነገር ግን አብዛኛዋ ያደገች ድመት የወተትን ስኳር የሚፈጭ ነገር ሆዷ ውስጥ በበቂ የላትም። ጡት ስትተው አብሮ ይቀንሳል። ወተቱ ሳይፈጭ አንጀቷ ይደርስና ውሃ ይስባል፤ ያስቀምጣታል። ውሃ ባነሳት ጊዜ «ትጠጣ እንጂ» ብለን ወተት ስንሰጣት ከጠጣችው በላይ እናስወጣታለን። አንዳንዷ ምንም አትሆንም፤ እውነት ነው። ለታመመች ድመት ግን አይሞከርም። እናት ለሌላት ግልገልም የላም ወተት ብቻውን አይሆንም።

ኩላሊትን በተመለከተ የዳልቺት ታሪክ የብዙ አሮጊት ድመቶች ታሪክ ነው። ከ10 ዓመት በላይ በሆናቸው ድመቶች ላይ በጣም የተለመደ በሽታ ነው። ክፋቱ ድምፅ የለውም። ኩላሊቱ ከሥራ አቅሙ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን እስኪያጣ ድረስ ድመቷ ደህና ትመስላለች። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ መጠጣትና ብዙ መሽናት ነው፤ እኔ በደስታ ያየሁት ነገር። ከዚያ ክብደት መቀነስ ይከተላል። ጠጉሯ ረጅም ከሆነ ደግሞ ክሳቱ አይታይም።

ስለ ወንድ ድመት አንድ ነገር ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሽንቱ በጣም ሲወፍር ውስጡ አሸዋ የመሰለ ነገር ሊጠራቀም ይችላል። የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ ጠባብ ነው፤ ይዘጋል። ወደ አሸዋው ይገባል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ምንም አይወጣውም። ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። ይጮኻል። ብልቱን ይልሳል። ሰው «ሆዱ ደርቆ ነው» ብሎ ዘይት ያጠጣዋል። በዚህ መሀል ሽንቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ደሙ ውስጥ የሚጠራቀመው ፖታሺየም ልቡን ያቆማል። ሁለት ሦስት ቀን ነው ያለው፤ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ። ሽንት ያልሸና ወንድ ድመት ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ፈልጉለት።

ምልክቱን ካያችሁ በኋላ የሚሠሩ ስህተቶች አሉ። በደግነት ስለሚሠሩ ነው የሚያሳዝኑት። አንደኛው ፓራሲታሞል ነው። ትኩሳት ያላት መስሏቸው ግማሽ ክኒን ፈጭተው የሚሰጡ ሰዎች አሉ። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ማስወገድ አይችልም። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ድዷ ወደ ቡና ዓይነት ይለወጣል። አንድ ክኒን ሊገድላት ይችላል። ሌላው ውሃ በሲሪንጅ በግድ መጋት ነው። የደከመች ድመት መዋጥ ሲያቅታት ውሃው ሳንባዋ ይገባል። የምታስመልስ ከሆነች ደግሞ የተጋተችውን መልሳ ከራሷም ጨምራ ታወጣለች። ለሕፃናት የሚሰጠውን ሕይወት አድን ቅመም የሚጠይቁኝ ሰዎችም አሉ። ለድመት የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ግን መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይንገራችሁ። ኩላሊቷ ለደከመች ጨው የበዛበት ነገር ሌላ ሸክም ነው።

«ግሉኮስ ይተከልላት» የሚለውንም እሰማለሁ። በኛ አነጋገር ከላስቲክ የሚንጠባጠብ ነገር ሁሉ ግሉኮስ ነው። ለደረቀች ድመት ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ሪንገር የሚባለውን ፈሳሽ ነው። በጣም ከታመመች በደም ሥር ይገባል፤ መካከለኛ ከሆነ ትከሻዋ መሀል ከቆዳዋ ሥር ይደረግና ቀስ ብሎ ይሰራጫል። ግሉኮስን ከቆዳ ሥር መውጋት ግን ይጎዳታል። ፋርማሲ ሄዶ ገዝቶ ራስን ሐኪም ማድረግ አይገባም።

እርግጥ ሐኪም ማግኘት ቀላል አይደለም። የእንስሳት ሕክምናችን የተገነባው በከብቱ፣ በበጉ፣ በግመሉ ዙሪያ ነው። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ብዙ ዶክተሮች አስመርቋል፤ ድመትና ውሻ ላይ ብቻ የሚሠሩት ግን ከአዲስ አበባ ውጪ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቢሆንም በየወረዳው ያለ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ፈሳሽ መስጠት ያውቃል። ጥጃ ሲያስቀምጠው የሚያደርገው ነውና። ሄዳችሁ ጠይቁ፤ «ድመት ናት» ብላችሁ አትፈሩ።

ወደ መከላከሉ ልምጣ። ከሁሉ የሚበልጠው ውሃውን ምግቡ ውስጥ መጨመር ነው። ደረቅ ምግቡ ላይ ለብ ያለ ውሃ አንድ ሁለት ማንኪያ አድርጉበት። መጀመሪያ ቀን ትኮራ ይሆናል። ትንሽ ጀምራችሁ በየቀኑ ጨምሩ። የረጠበውን ግን ቀኑን ሙሉ አታቆዩት፤ ይበላሻል። እኔ ልኳንዳ ቤት ሳምባና ቅንጥብጣቢ ሥጋ እገዛለሁ፤ ቀቅዬ ከነመረቁ እሰጣታለሁ። መረቁ ውስጥ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ በርበሬ አይገባም። ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ከወጥ ድስት የቀረውን ለድመት መስጠት ልማዳችን ነው፤ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሆንም። በጾም ወቅትም ያስቡባት። ቤቱ ሽሮ ሲሆን እሷም ሽሮ በእንጀራ ትበላለች። ሽሮውም ሽንኩርት አለው። ድመት ደግሞ ሥጋ ውስጥ የሚገኘውን ታውሪን ካላገኘች ልቧም ዓይኗም ይጎዳል። ለሁለት ወር ጾም ትንሽ ሥጋ ማስቀመጥ ሰው ከጾሙ አያወጣውም።

ሳህኑን በተመለከተ አንዳንድ ድመት ምግቧ አጠገብ ያለ ውሃ ብዙም አትወድም፤ አሸዋዋ አጠገብ ያለውንማ ጨርሶ። ዳልቺት ሦስት ሳህን አላት። አንዱ ሳሎን ጥግ፣ አንዱ መኝታ ቤት መስኮት ሥር፣ አንዱ በረንዳ። ሰፊና ዝቅ ያሉ ናቸው። የምትወደው የሳሎኑን ነው፤ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። ውሃው በየቀኑ ይቀየራል፤ ሳህኑ ይታጠባል፣ የሳሙና ሽታ እንዳይቀር በደንብ ይለቀለቃል። የሚፈስ ውሃ የሚወዱ አሉ፤ ቧንቧ ሲከፈት ሮጠው የሚመጡ። ኤሌክትሪክ ምንጭ የሚባለውን ውሃ የሚያንቆረቁር ዕቃ መግዛት ለነሱ ጥሩ ነው። ሁሉንም ድመት አብዝቶ ያስጠጣል ወይ ቢሉ ግን ጥናቶቹ አልተስማሙም።

ፈረቃ ያለበት ሰፈር የምትኖሩ ይህን ታውቁታላችሁ። ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚረሳው የድመቷ ሳህን ነው። ለኛ በጀሪካን እንቆጥባለን፣ ለምግብ እንለያለን፣ ሳህኑ ላይ የቀረው ግን ሦስት ቀን አድሮ አቧራ ይለብሳል። ንጽሕና ወዳዷ ድመት አትነካውም። አንድ የሁለት ሊትር ጠርሙስ ለሷ ብቻ ለዩላት። ለፋሲካ ወይም ለገና አገር ቤት ስትሄዱም አንድ ሳህን ሞልቶ በር ቆልፎ መሄድ አይሆንም። በመዳፏ ገፍታ ብትደፋው ማን ይሞላላታል? ከባድ ሳህኖች በተለያየ ቦታ አስቀምጡ፤ ቁልፍም ለጎረቤት ስጡ።

ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶቼም ይህ ይመለከታችኋል። በሰው ቤት ድመት የምትንከባከቡ ብዙ ናችሁ። ሪያድና ኩዌት በበጋ 45 ዲግሪ ያልፋል። በረንዳ ላይ የተረሳች ድመት አደጋ ላይ ናት። ድመት እንደ ውሻ አፏን ከፍታ ካለከለከች ቀላል ነገር አይደለም፤ ጤነኛ ድመት እንዲያ እምብዛም አታደርግም። ወደ ጥላ አስገቧት፣ ጠጉሯን ለብ ባለ ውሃ አርጥቡ፣ ማራገቢያ ክፈቱላት፣ በረዶ አታድርጉባት፣ ወዲያው ሐኪም ጥሩ። ለአሠሪያችሁ ቶሎ ንገሩ። በኋላ ጥፋቱ በናንተ ላይ እንዳይደፋ ያያችሁበትን ሰዓት የያዘ አጭር የድምፅ መልእክት መላክ ጥሩ ነው።

ምን ያህል እንደምትጠጣ ለማወቅ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የሕፃን ጡጦ በቂ ነው፤ ሚሊ ሊትሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ጠዋት የሞላችሁትን ጻፉ፣ በማግስቱ የተረፈውን መልሳችሁ ለኩ፣ ቀንሱ። ሳህኑ ፀሐይ ላይ ከሆነ የሚተነው አለና ጥላ ውስጥ አድርጉት። በአንድ ቀን አትፍረዱ፤ ሳምንት ያዙ። በኪሎ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በየቀኑ የምትጠጣ ድመት ምርመራ ያስፈልጋታል። እዚያ ሳይደርስም ከራሷ ልማድ እጥፍ ከሆነ አትጠብቁ። አሸዋውንም እዩ። የሽንቱ ጓል ከወትሮው ከተለቀ ወይም ካነሰ ሁለቱም ወሬ ነው። ሰጋቱራ የምትጠቀሙ ጓሉን ማየት ያስቸግራችኋል፤ እርጥቡን በየቀኑ ስታወጡ ግን እጃችሁ መጠኑን ይለምደዋል። ሁለት ቀን ያልበላችን ድመት ደግሞ፣ በተለይ የወፈረች ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ሊጠቃ ስለሚችል ሦስተኛውን ቀን አትጠብቁ።

ዳልቺት ያን ጊዜ ክሊኒክ ሁለት ቀን ቆየች። በእግሯ ደም ሥር ሪንገር ሲገባላት ቀና ብላ ታየኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ በሳምንት ሁለቴ ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ እሰጣታለሁ፤ ዶክተሯ እጄን ይዛ አስተምራኛለች። መጀመሪያ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ላስቲኩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆይቼ ለብ ሲል ፎጣ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ትከሻዋ ላይ ግመል የመሰለች ሻኛ ታወጣና በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። እሁድ እሁድ አቅፌያት ሚዛን ላይ እወጣለሁ፤ ከዚያ ብቻዬን። ልዩነቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት እጽፋለሁ። ባለፈው እሁድ 3.4 ኪሎ ነበረች። ከዚያ በፊት በነበረው 3.3። ጡጦው ላይ 160 ሚሊ ሊትር። ዛሬ ጠዋት አልጋዬ ላይ ወጥታ በአፍንጫዋ ጉንጬን ነካችኝ፤ አፍንጫዋ እርጥብ ነው።